ሁለት፣ አምስት

ናዒማ ሥራ ስትሄድ ልቧን ቤት ጥላ ነበር የምትሄደው። ቤቷ ጅቡቲ ከተማ፣ ሃያብለ ሰፈር ነው፤ ሥራዋ ደግሞ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ሀራሙስ፣ ባሕሩ ዳር ያለ አንድ ቪላ ውስጥ። ባሏ ሙሐዲን ከወደቡ ጭኖ ወደ ድሬዳዋ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድረው መንገድ ላይ ነው። ገና ዓመት ከምናምን የሆነውን ኒዛርን ቤቷ መጥተው የሚይዙላት ጎረቤቷ እትዬ አይናለም ናቸው። የሰባት ዓመቷ ሱሪያም ቀትር ላይ ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ ከእሳቸው ጋር ትውላለች። እትዬ አይናለም ልጆቹን እንደ ራሳቸው የሚያዩ፣ ጥርጣሬ የማይገባባቸው ሴት ናቸው። ቢሆንም ናዒማ ትፈራለች። ስልኳ በጮኸ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች።

ሱሪያን በዚያ ሰሞን የቁጥር ፍቅር ይዟት ነበር። አስተማሪዋ አሥሮችንና አንዶችን መለየት፣ ደግሞም በአምስት በአምስት እየዘለሉ መቁጠር ጀምራላቸው ስለነበር፣ ልጅቷ የሚኒባሱን ወንበሮች፣ የልብስ ማስጫ ገመዱን መቆንጠጫዎች፣ የኒዛርን ጥርሶች ሳይቀር ትቆጥራለች።

«ሦስትና አራት ጎን ለጎን ከቆሙ፣ ሦስቱ ሦስት አይደለም እኮ እማ» አለቻት አንድ ምሽት። «ሠላሳ ነው። ቦታው ነው ትልቅ የሚያደርገው።»

ናዒማ ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት። ልጇ ይህን በፈረንሳይኛ ተምራ በአማርኛ ስታስረዳት ደስ ብሏት ግንባሯን ሳመቻት።

ኒዛር ትኩሳት የያዘው በዚያው ሳምንት ነው። የመድኃኒት ቤቱ ሰው ጠንከር ያለውን የትኩሳት ሽሮፕ ሰጣትና በካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «2,5» ብሎ ጻፈላት። ሁለት ተኩል ሚሊ ሊትር ማለቱ ነው፤ በጅቡቲ እንደ ፈረንሳዮቹ ለአስርዮሹ ነጥብ ጭራ ያበጁለታል። ከሽሮፑ ጋር መርፌ የሌለው ትንሽ ሲሪንጅ ነበር፤ ጎኑ ላይ ከአንድ እስከ አምስት ተጽፎበታል። ናዒማ ማለዳ በእጇ ለክታ አጠጣችው፣ ለእትዬ አይናለም አስረከበችውና ሄደች።

የዚያን ቀን ቪላው ውስጥ የምሳ ግብዣ ነበር። ናዒማ ዓሣውን ከምድጃ እያወጣች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ቤት ከምትተወው አሮጌ ስልክ የደወለችው ሱሪያ ነበረች።

«እማ፣ ኒዛር እንደ እሳት ይፋጃል።»

«እትዬ አይናለምስ?»

«ልጃቸውን ምጥ ያዛት ተብለው ወደ ካርቲየ ሰባት ቢስ ሰፈር ሄዱ። አሁን እመለሳለሁ ብለዋል።»

ከሳሎኑ የቪላው እመቤት፣ ማዳም፣ ተጣራች። ናዒማ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣብቃ የዓሣውን ሰሃን አነሳች።

«የሽሮፑ ካርቶን ላይ የተጻፈው ይታይሻል?»

«አዎ። ሁለት፣ አምስት ይላል።»

«አዎ፣ እሱን ያህል በሲሪንጁ ስጪው። ቀስ ብለሽ፣ በጉንጩ በኩል። ትችያለሽ የኔ እናት?»

«እችላለሁ» አለች ሱሪያ፤ ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረበት።

ናዒማ ዓሣውን አቀረበች፣ ውሃ ቀዳች፣ ያለቀውን ሰሃን አነሳች። ወደ ወጥ ቤት ስትመለስ አንድ ነገር ውስጧን ጫር አደረጋት። ሁለት፣ አምስት። ልጅቷ ሁለት ተኩል አላለችም። ተኩል የሚባለውን ከዳቦ በቀር በሌላ ነገር መቼ ታውቀዋለች? «እኔ ነኝ አዎ ያልኳት» ብላ አሰበች። ሰሃኑን አስቀመጠችና ደወለች።

«ሰጠሽው?»

«ሰጠሁት። ሲሪንጁ አምስት ላይ ያልቃል፤ ስለዚህ በአምስት በአምስት ቆጠርኩት። ሃያ አምስት።»

«ምን አልሽ? ሃያ አምስት?»

ከአፏ የወጣው ጩኸት ለራሷም እንግዳ ነበር። ከወዲያ በኩል ስልኩ ተዘጋ። መልሳ ደወለች። ይጠራል፣ የሚያነሳው ግን የለም።

ሳሎኑ በር ላይ ስትቆም ማዳም ፊቷን አየችና ምንም ሳትጠይቅ «ሂጂ» አለቻት። ናዒማ ሽርጧን እንደታጠቀች ወጥታ ያገኘችው ታክሲ ውስጥ ገባች።

ያን መንገድ በየቀኑ ትመላለስበታለች፤ ያን ዕለት ግን የማታውቀው አገር መሰላት። የአምቡሊን ድልድይ ሲሻገሩ ታክሲው እንደ ኤሊ የሚሳብ መሰላት። ሰፈሯ ወዳለበት ባልባላ በሚወጣው መንገድ ላይ ከባድ መኪናዎች ተደርድረው ቆመዋል፤ በመስኮቱ የሚገባው ንፋስ ከምድጃ የሚወጣ ይመስል ፊት ይለበልባል። ደወለች፤ አይነሳም። እትዬ አይናለም ጋ ደወለች፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ያ አላህ፣ ያ አላህ ትላለች። በዓይኗ የሚመጣው የኒዛር አፍ ነው፤ ከሥር የወጡት ሁለት ጥርሶቹ፣ ያቺ የፕላስቲክ ሲሪንጅ በመካከላቸው ስትገባ፣ ስትመለስ፣ ደግማ ስትገባ። ልጁ ሱሪያን ያምናታል። የሰጠችውን ሁሉ ይውጣል።

ቤቷ ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ሱሪያ ጉልበቷን አቅፋ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ኒዛር ፍራሹ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ናዒማ ግንባሩን ስትነካው ቀዝቃዛ ላብ መዳፏን አራሰው። ክንዱን ብታነሳው እንደ ጨርቅ ተመልሶ ወደቀ።  ጆሮዋን አፍንጫው ሥር አስጠጋች፤ ከራሷ ልብ ድለቃ በቀር የምትሰማው አልነበረም። ቆይታ፣ በጣም ቆይታ፣ ቀጭን ትንፋሽ ጉንጯን ነካት።

ጠርሙሱን አነሳችው። ጠዋት ከግማሹ በላይ ነበር። አሁን ሥሩ ላይ ጥቂት ብቻ ቀርቷል።

ልጁን በአንድ እጅ፣ ጠርሙሱን በሌላው ይዛ ሮጠች። ሱሪያ ሳትጠራ ተከትላት ደጅ ቆሞ የጠበቀው ታክሲ ውስጥ ጥግ ይዛ ተኮራመተች። 

ባልባላ ካለው ጤና ጣቢያ የነበረችው ሐኪም በሶማሊኛና በፈረንሳይኛ የምትናገር ወጣት ሴት ናት። ልጁን አጋድማ መረመረችው፣ መዘነችው፣ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አንስታ አየችው። ፊቷ ሲለወጥ ናዒማ አየች። ረዳት ነርሱ ፀጋው እዚያው ጅቡቲ ተወልዶ ያደገ ኢትዮጵያዊ ነው፤ አያቱ በባቡሩ ዘመን የመጡ ሰው ነበሩ። ሐኪሟ ያለችውን በአማርኛ ተረጎመላት።

«ይህ ሽሮፕ ሲበዛ ጉበት ነው የሚጎዳው፤ ጉዳቱ ደግሞ ዛሬ ላይታይ ይችላል። በእርግጥ ሃያ አምስት ከዋጠ ለዚህ ክብደት አደገኛ ነው፤ አሁኑኑ ወደ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ አለበት። አምስት ወይም አሥር ከሆነ ሌላ ነው። እህቴ፣ ትክክለኛውን ማወቅ አለብን።»

ናዒማ ወደ ልጇ ዞረች። «ሱሪያ፣ ስንት ሰጠሽው?»

«እንዳልሽው፣ ሃያ አምስት።»

«እውነቱን ንገሪኝ።»

«ሃያ አምስት ሰጠሁት።» ዓይኖቿ መሬት ላይ ተተክለዋል፤ ከንፈሮቿ ነጭ ሆነዋል። የናዒማ እጅ ሳታስበው ተነሳ። ልጅቷ አንገቷን ሰብራ ዱላውን ጠበቀች። ናዒማ የራሷን እጅ አየር ላይ አየችው፤ ማንን ልትመታ እንደነበር ገባትና እጇ ተመልሶ ጎኗ ላይ ወደቀ።

ፀጋው መካከላቸው ገብቶ ቁጢጥ አለ። ንጹሕ ሲሪንጅና አንድ ኩባያ ውሃ ይዟል፤ ባዶ ኩባያም ከልጅቷ አጠገብ አስቀመጠ።

«ሱሪያ፣ ማንም አይቆጣሽም። ይህ ውሃ ሽሮፑ ነው፤ ይህ ባዶው ደግሞ ኒዛር። እንዴት እንደሰጠሽው አሳዪኝ። ጮክ ብለሽ ቁጠሪ።»

ልጅቷ እናቷን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። ከዚያ ሲሪንጁን ተቀበለች። ስባ አምስት ላይ ሲደርስ በጥንቃቄ አቆመችው።

«ሳንክ» አለች በትምህርት ቤቷ ፈረንሳይኛ፣ አምስት ለማለት፣ ውሃውን ባዶው ኩባያ ውስጥ እየገፋች። እንደገና ሳበች። «ዲስ»፤ አሥር። ሦስተኛውን ስትስብ ግን ኩባያው አጠገብ ደርሳ ቆመች።

«ካንዝ ነው ቀጥሎ፣ አሥራ አምስት» አላት ፀጋው በለሆሳስ።

ሱሪያ ውሃውን ወለሉ ላይ ረጨችው። «ይሄን ተፋው። አንገቱ ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ ሁሉንም ተፋው። ከዚያ አፉን አልከፍትም አለ። ልይዘው ብል አለቀሰ።»

«የቀረውንስ?»

ድምፅዋ ሊሰማ እስከማይችል አነሰ። «በር ላይ አፈሩ ውስጥ ደፋሁት። ሃያ አምስት እንዲጎድል። እማ ሃያ አምስት ስጪው ብላኝ አሥር ብቻ ሰጠሁት። ሃያ አምስት ብዬ ስዋሻት ጮኸችብኝ፤ ማነሱን ያወቀች መሰለኝ። ያልዳነው በእኔ ነው።»

 ናዒማ የሰማችው ወደ ውስጧ እስኪገባ ዘገየ። እሷ በዛ ብላ በፍርሃት ስትሞት፣ ልጇ አነሰ ብላ እየሞተች ነበር። ፀጋው ለሐኪሟ ተረጎመላት። ሐኪሟ የኒዛርን የልብስ ኮሌታ ገልጣ አንገቱን ብታሸት የደረቀው ሽሮፕ ጣቷ ላይ ተጣበቀ። ራሷን ነቀነቀች።

«አሥርም ቢሆን ከሚገባው በላይ ነው፤ ግን የሚያሰጋ አይደለም» አለ ፀጋው ቃሏን ተቀብሎ። «ላቡና ድካሙ ትኩሳቱ ስለወረደ ነው። እስኪመሽ እዚህ ይቆያል፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ደሙን እናየዋለን።»

ያን ከሰዓት ናዒማ ከአልጋው አጠገብ አልተነሳችም። አሥር ነው ብሎ ማመን አንድ ነገር ነው፤ የሚተነፍሰውን ደረት ማየት ሌላ። ልጅ ሲፈራ ይዋሻል፤ ሁለተኛውስ ቃሏ ከፍርሃት የመጣ ቢሆን? ይህ ሐሳብ በመጣባት ቁጥር እጇን ልጁ ደረት ላይ ታደርጋለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኒዛር ዓይኑን ከፈተ፤ ዙሪያውን አየና የማያውቀው ቤት ሆኖበት ጩኸቱን ለቀቀው። ናዒማ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ልቅሶ ሰምታ አታውቅም፤ ውሃ ስትሰጠው ኩባያውን በሁለት እጁ ነጠቃት።

በማግስቱ የደሙ ውጤት ደህና ነው ተባለ። ፀጋው ለሱሪያ ካርቶኑን አሳያትና በሁለትና በአምስት መካከል ያለችውን ጭረት ጠቆማት። «ይቺን አይተሻታል?»

«ዝንብ የጣለችው መስሎኝ» አለች።

እትዬ አይናለም የልጅ ልጅ አይተው ከካርቲየ ሰባት ቢስ ሲመለሱ የሆነውን ሰምተው ደረታቸውን ደቁ። ናዒማ አልወቀሰቻቸውም። ሱሪያ ግን እንደተኮራመተች ነበረች። ከጤና ጣቢያው ከተመለሱ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ኒዛር እየዳኸ ሲመጣባት እጇን ከኋላዋ ትደብቃለች።

ከቀትር በኋላ ሙሐዲን ከመንገድ ደወለ። ከጀርባው የሞተር ድምፅና የሹፌሮች ጫጫታ ይሰማል። ናዒማ ሁሉንም ነገረችው፤ ቁጥሩን ልጅቷ ስታነብላት እሷ «አዎ» ማለቷንም አልደበቀችውም።

«እኔ ነኝ ሙሐዲን። እንግዶቹን እያሰብኩ ጆሮዬን አልሰጠኋትም። ልመታትም እጄን አንስቻለሁ።»

 ሞተሩን ሲያጠፋ ሰማች።

«ይህን ያልሽኝን ለሷ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ንገሪያትና ስልኩን ስጪያት።»

ናዒማ ከልጇ ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ያልኩሽን ነው ያደረግሽው» አለቻት፤ ስልኩንም ዘረጋችላት።  ሱሪያ ስልኩን ተቀብላ በር ላይ ወጣች። አባቷ ምን እንዳላት ናዒማ አልሰማችም፤ ልጅቷ አልፎ አልፎ «እሺ» ስትል ብቻ ነው የሰማችው። ስትመለስ ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት፣ ኒዛር ሲጎትታት ጣቷን እንዲይዝ ተወችለት፣ ከዚያም የተከደነውን ሩዝ ከፍታ መብላት ጀመረች።