መሬት የሚጠርገው ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ቀሚስ እያሳጠረች የራሷን ግን መሬት እስኪጠርግ ታስረዝመው ነበር። ግራ እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጦ ጫማ እምቢ ካለ ቆይቷል። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትቆርጥና ስትተኩስ ትውላለች፤ ማታ በጣቷ ስትጫነው ስርጉድ ብሎ ይቀራል። እናቷንም እንዲህ ነበር የጀመራት፤ ኋላ ከቤት ሳትወጣ ዕድሜዋን ጨረሰች። ስለዚህ የልጇ ምርቃት ሲቃረብ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ "ሥራ በዝቶብኛል፣ አልመጣም" አለቻት።

ልጅቷ የእናቷን ሰበብ አሳምራ ታውቃለች። "እማዬ፣ ካልመጣሽ እኔም ጋውን አልለብስም!" ብላ አኮረፈች፤ አኩርፋም አልቀረችም፣ በማግስቱ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደቻት።

ነርሷ ቀሚሱን ገለጥ ስታደርግ ከጉልበቷ ሥር ጥብቅ ያለ ላስቲክ አገኘች።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው እናቴ?"

"እብጠቱ ወደ ላይ እንዳይወጣ ነዋ! ራሴ ነኝ የሰፋሁት" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ኮራ ብላ።

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። "መውጫውን እኮ ነው የዘጉበት። ደም ወደ ልብ የሚመልሱት ሥሮች ሲደክሙ ደሙ እግር ላይ ይጠራቀምና የደሙ ውሃ ወደ ሥጋ ይሰርጋል። የሰረገውን የሚጠርጉ ሊምፍ የሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። እነሱም ከአቅማቸው በላይ ሲሠሩ ከርመው ዛሉብዎት።"

"እግሬ ይቆረጣል?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ኧረ ምን በወጣው! እብጠቱ ጨርሶ ባይጠፋም ይቀንሳል።" ነርሷ ላስቲኩን ፈትታ የእግሯን የደም ትርታ ከዳሰሰች በኋላ የሚለጠጥ ፋሻ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ እያደረገች ጠቀለለችላት። በእግር መሄድ እንድታዘወትር፣ ስትቀመጥም እግሯን ከፍ እንድታደርግ መከረቻት።

"ለካ ገልብጬ ነው የሰፋሁት!" አለች ልብስ ሰፊዋ። ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጡ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ከልጇ ጋር በእግሯ ትሄዳለች፤ ሱሪ ስትሰፋ እግሯ በርጩማ ላይ ነው። ሰንፋ ፋሻውን ያላሰረች ቀን እግሯ ወዲያው ያብጥባታል፤ እሷም ለራሷ ስድብ አታጣም። እንዲህ እያለ እብጠቱ ቀነሰ። በምርቃቱ ዋዜማ ጫማው ገባ።

ለዕለቱ ያዘጋጀችውን ረጅም ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ቆመች። ከዚያ አወለቀችውና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"እማዬ፣ ካሳጠርሽው ፋሻው ይታያል እኮ!"

"ይታይ። እናቴ እግሯን ሸሽጋ ነው ቤት የቀረችው" አለችና መቀሷን አነሳች።