የአሥረኛ «ሐ» አቤቶች

እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አስተምራለሁ ስል ጠመኔውን ጨርሶ ወደ ቤቱ እንደሚሮጠው መምህር አይደለም፤ እኔ ስለ ስበት ሳወራ መስኮት ላይ ያረፉ ወፎች ይወድቃሉ። የግቢው ጥበቃ አይቷል። አላየሁም የሚለው ሰው ፊት ማውራት ስለሚያፍር ነው።

ከችሎታዎቼ ሁሉ ዋናው ግን ጆሮዬ ነው። የአሥረኛ «ሐ» ክፍል ኃላፊ ስለሆንኩ ጠዋት ጠዋት ተማሪ የምቆጣጠረው እኔ ነኝ፤ የምጠራውም በቁጥር ነው። አንገቴን መዝገቡ ላይ ደፍቼ «አንድ!» እላለሁ፣ «አቤት!» ይባላል፤ «ሁለት!»፣ «አቤት!»። ቀና ብዬ አላውቅም። ለምን ብዬ? ለቀረ ጓደኛው ተክቶ «አቤት» የሚለውን ጮሌ ከድምፁ ለይቼ «አንተ፣ የራስህ ይብቃህ!» ስለው ክፍሉ በሙሉ ይርዳል። ማን ቁርስ ሳይቀምስ እንደመጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ከአቤቱ እነግራችኋለሁ። ሐኪም ቤት ቢቀጥረኝ ኖሮ መሣሪያ መግዛት ይተው ነበር።

አቤት እኛ ክፍል እንዲህ ሊራቀቅ የቻለው በምክትል ርዕሰ መምህሩ ምክንያት ነው። ተማሪዎቹ «ሜትር» ይሉታል፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ኪሱ ውስጥ ጠቅልሎ ነው የሚዞረው። ጠዋት በር ላይ ቆሞ ፀጉር ይለካል፣ የሱሪ ጥበት ይለካል፣ የእጅ አምባር ያስወልቃል። ቀይ ካልሲ ያደረገች ልጅ ካልሲዋን አስረክባ ገባች። አንዱ ቦርሳው ላይ አንበሳ ሥሎ ቢመጣ በሳሙና አስፈገፈገው፤ አንበሳው ድመት ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ «እኔም አለሁ» ሳይል ውሎ መግባት አይሆንለትም። በዚህ ሲደፍኑት በዚያ ይፈሳል። ሁሉ ነገር ተከልክሎ የቀረቻቸው አንዲት ቃል አቤት ነበረችና እሷን ይዘው ጉድ አፈሉ። ቁጥር አራት፣ ምላሷ የሚያሳክካት ልጅ፣ በአፍንጫዋ ታወጣዋለች። ቁጥር ዘጠኝ ወገቡ እንደተያዘ ሽማግሌ እያቃሰተ ይለዋል። መንታዎቹ ተካፍለውታል፤ አንዱ «አ» ሲል ሌላው «ቤት» ይላል፣ የሁለተኛው ቁጥር ሲጠራ ደግሞ ይቀያየራሉ። ሃያ አንድ ቁጥር እንዴት አድርጎ እንደሚያለሰልሰው እንጃ፣ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው ልጅ ባለችበት ትቀልጣለች።

የሁሉም ንጉሥ ሠላሳ ሁለት ቁጥር ነበር፤ ጡሩምባ። ልጁ ከመጥረጊያ እንጨት ጀርባ ቢቆም አይታይም። ያ ድምፅ ግን ከየት ጎኑ እንደሚወጣ ፈጣሪ ይወቀው። «አቤ—ት!» ሲል የመስኮቱ መስታወት ያለቅሳል፤ ማዶ ያለው ፋብሪካ ሠራተኞች የምሳ ሰዓት መስሏቸው ነቅለው ይወጣሉ። አንድ ቀን ባቡር አቁሟል።

ችግሩ የሜትር ቢሮ ከእኛ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ መዋሰኑ ነው። ሰውዬው ሻይ ጭኑ ላይ ሲደፋበት ሰነበተና አንድ ቀን ጡሩምባን አስጠራው።

«ስማ፣ ከእንግዲህ አንዴ ብትጮህ ወይም አንድ ቀን ብትቀር ዘንድሮ ትምህርት የለህም። ሰኞ እናትህን ይዘህ ና።»

እናቱ የሆስፒታል አንሶላ እያጠበች ብቻዋን ያሳደገችው ሴት ናት። ልጁ ከቢሮው ሲወጣ አየሁት፤ ትንፋሹን እንኳ በቁጠባ ነበር የሚያወጣው።

ሰኞ ደረሰ። ሜትር በገዛ ጆሮው ሊያረጋግጥ ከእኔ ቀድሞ ገብቶ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እናትየው የሥራ ካፖርቷን እንደለበሰች ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ተማሪዎቹ ይህን ሁሉ አይተው ጡሩምባን ለማትረፍ በጥቅሻ ተስማምተዋል። እኔስ? እኔ ከበሩ ጀምሮ አንገቴን መዝገቡ ላይ ደፍቼ ነው የገባሁት። ትልቅ ሰው ግራ ቀኝ አይገላመጥም።

«አንድ!»

«አቤት።»

«ሁለት!»

«አቤት።»

ደረቅ፣ ጨው የሌለው አቤት። አራት ላይ አፍንጫ የለም። ዘጠኝ ወገቡ ተሽሎታል። መንታዎቹ እያንዳንዳቸው ሙሉ ቃል ይዘው መጥተዋል! ጆሮዬ ግራ ገባው። ሃያ አንድ ላይ ስደርስ ነገሩ ተገለጠልኝ፦ ክፍሉ ባዶ ነው፤ አንድ ጮሌ ብቻውን ተቀምጦ ለሁሉም አቤት እያለ ነው! በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ድፍረት ታይቶ አይታወቅም።

«ሠላሳ ሁለት!» አልኩ በቁጣ።

«አቤት» አለ አንድ ድምፅ፤ የታመመ ትንኝ ይመስላል።

መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አጋጨሁት። አንገቴን ግን አላነሳሁም። «ማንን ነው የምታታልሉት? ይሄ ጡሩምባ ነው? ይሄ የጡሩምባ ጥላ አይሆንም!»

«ቲቸር፣ እኔ ነኝ» አለ ትንኙ።

«አይደለህም!»

«ቲቸር…» አለች አራት ቁጥር በለሆሳስ፣ «እባክዎ ቀና ይበሉ።»

«ቀና አልልም! ሜትር ከልክሎን ነው እንዳትሉኝ ደግሞ። እሱ ካልሲውን ይለካ! እዚህ ክፍል የሚለካው በእኔ ጆሮ ነው!»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰዉ አክብሮኝ ነው አልኩ።

«ሠላሳ ሁለት፣ ለመጨረሻ ጊዜ። በራስህ ድምፅ መልስ፤ አለዚያ ቀሪ ብዬ እጽፍሃለሁ።»

ልጁ፣ በኋላ እንደነገሩኝ፣ ተጨነቀ። ቢጮህ ይባረራል፤ ዝም ቢል ቀሪ ነው፣ ያም ያስባርረዋል። እኔን አየ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ሜትርን አየ። ብዕሬ ወረቀቱን ሲነካ ሰማ። ዓይኑን ጨፈነና ያን ሁሉ ቀን ያጠራቀመውን ትንፋሽ ለቀቀው።

«አቤ——ት!»

ወገኖቼ፣ ጥቁር ሰሌዳው ከምስማሩ ወረደ። የጣሪያው አቧራ እንደ በረዶ ዘነበብን። እኔ ደስ አለኝ፣ «አዎ! ጡሩምባ አለ!» ብዬ ጻፍኩና በድል አድራጊነት ቀና ስል ከሜትር ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ቆሟል። ጺሙ ላይ አቧራ ሰፍሯል።

«ማን ነው እንዲጮህ ያዘዘው?» አለ።

ጡሩምባ «ቲቸር ናቸው» ቢል ይድን ነበር፤ አንገቱን ደፋ እንጂ አልተነፈሰም። ሌላ መምህር ቢሆን በመስኮት ይወጣ ነበር። እኔ ደረቴን ነፋሁ፤ መስኮቱን ሰረቅ አድርጎ አየ የሚሉ አሉ፣ አቧራው ዓይኔ ገብቶ ነው።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አልኩ። «ባይጮህ ነበር ጥፋቱ።»

ሜትር አፉን ሊከፍት ሲል በሩ ተበረገደ፤ እናትየው ገባች። የሳሙና ሽታ ይዛ በቀጥታ ወደ ልጇ።

«አንተ!» አለችው። «ይሄን የመሰለ አቤት አለህ እንዴ?»

«እማ፣ እባክሽ…»

«ምን እማ አለ! እኔ ቤት ውስጥ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ስጣራ አንዴ አትመልስልኝም! ደንቆሮ ወልጄ ነው ብዬ ከምሠራበት ሆስፒታል ላስመረምርህ ቀጠሮ ይዣለሁ!» ወደ ሜትር ዞረች። «ጌታዬ፣ የእናት ወግ ነውና ልለምንዎት። ይህ ልጅ ሲጠሩት የሚመልሰው እዚህ ብቻ ነው። ካባረሩት የት አገኘዋለሁ?»

ሜትር ከኪሱ ሜትሩን አወጣ። የያዘውን ሜትር እጁ ላይ ጠቀለለው፣ ፈታው።

«ቤት ጨርሶ አይመልስም?» አላት ቀስ ብሎ።

«ጨርሶ!»

«የእኔም አይመልስም» አለ። «በር ዘግቶ ይቀመጣል። ብጠራው፣ ብጠራው…»

«ትራሱን ጭንቅላቱ ላይ ያደርጋል?»

«በምን አወቅሽ?»

«ውይ ወንድሜ! አንድ ናቸው እኮ!»

ከተማሪው መሀል አንዱ ሊስቅ ሲል ጎረቤቱ በክርኑ ደቆሰው። ሜትር አቧራውን አራገፈና ጡሩምባን በጣቱ ጠቆመው። «ቁጭ በል። ትማራለህ። ግን ሻዬን ከጨረስኩ በኋላ ነው የምትጠራው፤ ሰምተሃል?»

ጡሩምባ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቁጭ አለ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰ ነው፣ እየሳቀ ነው፣ የእኔ ጆሮ እንኳ ሊለየው አልቻለም።

ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው አስቤበት ያደረግኩት ነው። አይደለም የሚሉ መምህራን አሉ፤ ቅናት ነው።

ሥራ ሥራ ነውና ወደ መዝገቤ ተመለስኩ። «ሠላሳ ሦስት!» ብል ማን ይስማኝ? ምክትሉና እናትየው የመጨረሻው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እሷ የልጇን፣ እሱ የልጁን እያነሱ፣ ክፍሉን ገበያ አድርገውታል።

«እዚያ ኋላ ያላችሁ!» አልኩ ቀና ሳልል። «ማውራት የፈለገ ውጭ ይውጣ!»

«ይቅርታ፣ ቲቸር» አለ ሜትር።