በአባቴ ዓይን ውስጥ የነበረው መስኮት

የመድኃኒት መጋዘኑ በር ዓይን አይቶ እንዲከፈት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ካሜራው በብሌን ዙሪያ ያለውን ባለ ቀለም ቀለበት ያነባል፤ የአንዱ ሰው ከሌላው አይገጥምም። ሠራተኛው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲረግመኝ ኖሯል። ከበሩ ትይዩ ትልቅ መስኮት አለ፤ የመስኮቱ ብርሃን እርጥብ ዓይን ላይ ሲያንጸባርቅ መሣሪያው ግራ ይገባውና ሰውን ከደጅ ይመልሳል። አንድም ቀን ያልተመለሱት የመጋዘኑ ኃላፊ ብቻ ናቸው፤ አባቴ። እኔም በሆዴ "ዓይን ማለት የአባቴ!" እያልኩ እኮራ ነበር። ሞኝ አይሙት!

ሰኞ ጠዋት መፍትሔ አገኘሁለት። ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ስስ ማጣሪያ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩ፤ ሌላውን ደግሞ ከመጀመሪያው አግድም አዙሬ ካሜራው ላይ ገጠምኩ። ከዓይን ገጽ ላይ ነጥሮ የሚመለሰው የመስኮቱ ነጸብራቅ ካሜራው ላይ ሲደርስ ይታገዳል፤ ከቀለበቱ ተበትኖ የሚመጣው ብርሃን ግን ያልፋል። ሠራተኛው በሙሉ ያለ አንድ ቅሬታ ገባ። በመጨረሻ አባቴ ቀረቡ። ቀይ መብራት። ደገሙ፤ ቀይ። ሠለሱ፤ ቀይ።

ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጣ።

"አባት፣ መሣሪያው አሁን ነው በደንብ ማየት የጀመረው። ታዲያ እስከ ዛሬ በእርስዎ ስም የተመዘገበው የማን ዓይን ነው? እስኪጣራ ድረስ ቁልፉን ያስረክቡ።"

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!" አሉ አባቴ። "በዚህ በር የገባሁት እኔ ነኝ። እኔው ራሴ!" ድምፃቸው ሲንቀጠቀጥ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሮጬ የምዝገባውን ፎቶ ከፈትኩ። ቆሌዬ ተገፈፈ። ዓይናቸው መሀል መስኮቱ ከነአራት መስታወቱ ቁጭ ብሏል። መሣሪያው ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያውቅ የኖረው መስኮቱን ነው።

ሌላውን ሰው ስመዘግብ መጋረጃ ዘግቼ፣ አገጭ ይዤ፣ "ቀና በል፣ አታርገብግብ" እያልኩ አምስት ጊዜ አነሳለሁ። አባቴን ግን እንዴት ብዬ! እሳቸው ፊት ቀና ብዬ አውርቼ አላውቅም። ማስቆሙ አሳፍሮኝ፣ መጋረጃውን እንኳ ሳልዘጋ፣ መሬት መሬት እያየሁ የካሜራውን ቁልፍ አንዴ ተጫንኩና "ጨርሰናል አባባ" አልኳቸው።

ይህንኑ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ተናገርኩ። ፊቴ እሳት ሆነ።

"ለማንም ያልተሳሳትሽውን ለአባትሽ?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"አባቴ ስለሆኑ ነው።"

"ጥፋትሽን በጽሑፍ ታቀርቢያለሽ" አለኝ። " አሁን እዚሁ ፊቴ መዝግቢያቸው።"

"አባባ፣ ቀና ይበሉ" አልኩ። አልበቃም። እጄ እየፈራ አገጫቸውን ያዝኩ፤ ያልተላጨው ጢማቸው ወጋኝ። ዓይናቸውን አየሁት። ጥቁር ይመስለኝ ነበር፤ ቡናማ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። በሠላሳ አንድ ዓመቴ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ።

እንባ አቅርረው ነበር።

"አያበላሽብሽም?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"አያበላሽም አባባ። ይመልከቱኝ ብቻ።"

አምስቴ አነሳሁ። አረንጓዴ በራና በሩ ተከፈተ። አገጫቸውን ግን ቶሎ አልለቀቅኩም፤ እሳቸውም ልቀቂኝ አላሉኝም።