የችፌው ቅባት

ሸዋረገጥ የሟች እህቷን ልጅ ሊያን ያሳደገቻት «ሰው ምን ይለኛል» እያለች ነው። ቀሚሷ ሲተረተር፣ ፀጉሯ ሲንጨባረር፣ «እናት የሌላት» እንዳትባል ቀድማ የምትደርሰው እሷ ነበረች። ሊያ አድጋና ተምራ ሸቤ የምትባል ከተማ አስተማሪ ሆነች። የግብርና ባለሙያው ፍሬዘር ሽማግሌ ሲልክባት ሄርማታ ሰፈር ያለው የሸዋረገጥ ግቢ በእልልታ ተናወጠ። ዘመኑ ከሚሌኒየሙ በዓል በኋላ ያለው ዓመት ነው፤ ሠርጉ ለጥር መጨረሻ ተቆረጠ።

ሊያ ለዝግጅቱ ፈቃድ ወስዳ ስትመጣ ጉንጯ ላይ ክብ ነገር ወጥቶባት ነበር። ጠርዙ ቀላ ብሎ ያበጠ፣ መሐሉ የተፋቀ ይመስላል።

«ተማሪዎቼም ላይ አለ። ጭርት ነው መሰለኝ» አለች እያከከች።

«ዝም በይ! ሙሽራዋ ጭርት አለባት ይባልልሽ?» ሸዋረገጥ ተነሥታ በሩን ገርበብ አደረገችው። «ለማንም እንዳትነግሪ። ለፍሬዘርም ቢሆን።»

«ታዲያ ሐኪም ቤት ልሂዳ፣ እቴቴ።»

«ወረፋ ላይ የተቀመጠው ሁሉ እንዲያይሽ? ተይው፣ እኔ መላ አላጣም።»

በማግስቱ ሸዋረገጥ ወደ ፊርዶስ መድኃኒት ቤት ሄደች። ፊርዶስ የሰፈሩ ልጅ ናት። ፋርማሲ ተምራ ተመልሳ የአባቷን የጨርቅ ሱቅ መድኃኒት ቤት ካደረገችው ብዙም አልቆየም።

«ባያት ነበር የሚሻለው» አለች ፊርዶስ።

«ሸቤ ናት» አለች ሸዋረገጥ። ሊያ ቤት ቁጭ ብላ ነበር።

ፊርዶስ ከመደርደሪያው አንድ ቱቦ ቅባት አወጣች። «እንግዲያው ይሄን ትቀባ። ፊቷን ታጥባ በደንብ ካደረቀች በኋላ ስስ አድርጋ፣ ከጠርዙ ትንሽ አለፍ አድርጋ ትቀባው። ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ። ፎጣዋን ለብቻዋ ታድርግ። ደግሞ ጠፋልኝ ብላ ወዲያው እንዳታቆም፣ ተመልሶ ይመጣል። ከሰፋ ግን ሐኪም ትይ፣ እትዬ።»

«ቶሎ ያጠፋዋል?»

«ሳምንታት ይፈልጋል።»

ሸዋረገጥ ቅር አላት። «ቤት ውስጥ የኔ የችፌ ቅባት አለ። ክንዴ ላይ የወጣውን ወዲያው ነው ያደረቀው። እሱስ?»

«ወላሂ እንዳይሞክሩት! የችፌው ማሳከኩንና መቅላቱን ያስተኛል እንጂ ጭርት አይገድልም። ጭርቱ ተደብቆ ይሰፋል። ፊት ላይ ሲሆን ደግሞ ቆዳ ያሳሳል።»

ሸዋረገጥ ይህን ሁሉ በጆሮዋ ሰምታለች። አልሰማሁም የምትልበት ቀዳዳ አልነበራትም።

የፊርዶስን ቅባት ለጥቂት ቀናት አስቀባቻት። ለውጥ አልታያትም። በዚያው ሳምንት የፍሬዘር እናት ወይዘሮ ወርቂቱ ዘመድ አስከትለው ቅዳሜ ሙሽራዋን ሊያዩ እንደሚመጡ ላኩ። ሸዋረገጥ መቀመጫ አጣች። ወደ ጓዳ ገብታ ከሣጥኗ የችፌውን ቅባት አወጣች፤ መዳፏ ላይ ጨምቃ፣ ቱቦውን መልሳ ደብቃ ወጣች።

«ፊርዶስ ጠንከር ያለ ሰጠችኝ። ጉንጭሽን አምጪው።»

ሊያ ዓይኗን ጨፍና ጉንጯን ሰጠቻት።

ቅዳሜ ሲደርስ መቅላቱ ጠፍቶ ነበር። ወይዘሮ ወርቂቱ የሊያን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው «ጨረቃ!» አሉ። ሸዋረገጥም ደስታዋን መደበቅ አቃታት። የተማረ ሰው ነገር ማክበድ ይወዳል ብላ ለራሷ ሣቀች።

ማቆም ሲሞክሩ ግን ጉንጯ መልሶ ቀላ። ሸዋረገጥ ደገመችላት። ክቡ ጠርዙን አጥቶ ወደ አገጯ ተንሸራተተ፤ እሷም ጨመረችበት። ወደ አንገቷ ወረደ፣ ወደ ዓይኗ ሥር ወጣ። ሠርጉ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ሊያ የግራ ዓይኗ ቆብ አብጦ፣ ግማሽ ፊቷ የተላጠ መስሎ ተነሣች። የዚያን ዕለት ደግሞ ወይዘሮ ወርቂቱ የሙሽራዋን ቀሚስ ይዘው ሳይጠሩ ከተፍ አሉ።

«ያ ረቢ! ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ጭርት ነበር… ፊርዶስ የሰጠችን ቅባት ነው እንዲህ ያደረገኝ» አለች ሊያ ፊቷን በነጠላ እየሸፈነች።

ወይዘሮ ወርቂቱ ወደ ሸዋረገጥ ዞሩ። «እውነት ነው፣ እትዬ ሸዋረገጥ?»

ሸዋረገጥ አፏን ከፈተች። እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር። «እንግዲህ… መድኃኒት እንደ ሰዉ ነው» አለች። አዎን አላለችም፤ አይደለምም አላለችም። የወጣው ቃል ግን ለወይዘሮ ወርቂቱ በቂ ነበር።

ወሬው ከዕድር ገበያ፣ ከገበያ ዕድር ተመላለሰ። «የፊርዶስ ቅባት ሙሽራ አበላሸ» የተባለው፣ ሲውል ሲያድር «ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ትሸጣለች» ሆነ። ሰዎች ለሳል ሽሮፕ እንኳ ሌላ መድኃኒት ቤት መሄድ ጀመሩ። ሸዋረገጥ በዚያ ስታልፍ ፊርዶስን ብቻዋን መደርደሪያ ስትወለውል ታያታለች። አንድ ቀን ፊርዶስ በሩ ድረስ ወጣች።

«እትዬ! ሊያ እንዴት ናት? የተቀባችውን ያምጡልኝና ልየው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እቸኩላለሁ» ብላ ሸዋረገጥ መንገድ ተሻገረች።  ቤት ገብታ የችፌውን ቱቦ እሳት ውስጥ ልትከት አነሣችው፤ ፈርታ መልሳ ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው።

ሠርጉ ተራዘመ። ፍሬዘር ሊያን ወደ ቆዳ ሐኪም ወሰዳት፤ ሸዋረገጥም የፊርዶስን ቱቦ በቦርሳዋ ይዛ ተከተለች። ሐኪሙ የሊያን ፊት አገላብጦ አየ፤ ከዳር ፋቅ አድርጎ አስመረመረ። ከዚያ ቱቦውን አንሥቶ ጫን አደረገው።

«ይሄ የጭርት ነው፤ ትክክለኛው። ግን እኮ ገና ሙሉ ነው! ሌላ ምን ተቀባሽ?»

ሊያ በደህናው ዓይኗ አክስቷን አየቻት።

«ካላወቅኩ በትክክል ላክማት አልችልም» አለ ሐኪሙ።

«የኔን… የኔን የችፌ ቅባት» አለች ሸዋረገጥ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነባት።

ሐኪሙ አልተቆጣም። የችፌውን ዳግም እንዳትነካ ነግሮ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘ። ቢቆጣት ሸዋረገጥ ትወድ ነበር። ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ሊያ ቆመች።

«ፊርዶስ አትቀቢያት ብላሽ ነበር?»

«ብላኝ ነበር።»

«እኔስ ልጅሽ ነኝ፣ ባጠፋሽብኝም ይቅር እልሻለሁ። ያቺ ልጅ ግን ምን አደረገችሽ፣ እቴቴ?»

ሸዋረገጥ ከዚያው በቀጥታ ወይዘሮ ወርቂቱ ቤት ሄዳ «ይከተሉኝ» አለቻቸው። ፊርዶስ መድኃኒት ቤት ሲደርሱ ሁለት ገበያተኞች ቆመው ነበር። ሸዋረገጥ መውጣታቸውን አልጠበቀችም።

«ሊያን ያበላሸኋት እኔ ነኝ። ፊርዶስ ትክክለኛውን ሰጥታኝ፣ የችፌውንም እንዳትነኪ ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር። እኔ ግን በስሟ ዋሸሁ። ስሟ ሲጠፋም ዝም አልኩ።»

ወይዘሮ ወርቂቱ «ዝም ያሉት ምነው፣ እኔን ውሸታም አደረጉኝ እኮ!» ብለው ፊታቸውን ያዙ። ፊርዶስ የያዘችውን ዕቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ቅባት መሳሳትዎ አይገርመኝም» አለች። «መድኃኒት እያምታታ የሚቀባው ብዙ ነው። ግን እዚህ በር ላይ ቆሜ ሊያ እንዴት ናት ስልዎት፣ እርስዎ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

«አላህ ይቅር ይበልዎት። የኔ ጊዜ ይፈልጋል።» ፊርዶስ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ምን ታዘዘላት? ያሳዩኝ… ይሄን ምግብ በልታ ትዋጠው። ተሻለኝ ብላም እንዳታቋርጥ።»

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ጭርቱ ጠፍቷል፤ ከሊያ ዓይን ሥር ያለው ቆዳ ግን ሳስቶ ቀረ፣ ፀሐይ ሲመታው ቀያይ ጅማቶች ይታዩበታል። ወይዘሮ ወርቂቱ በየደረሱበት «ተሳስቼ ነበር» ቢሉም ወደ ፊርዶስ ያልተመለሱ ደንበኞች ነበሩ።

ፊርዶስ ግን ለሠርጉ ተጠርታ መጣች። ሊያን አቅፋ ሳመቻት፤ ለሙስሊም እንግዶች በተዘጋጀው ድንኳን ሄዳ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ሸዋረገጥ አስተናጋጅ ሳትልክ ለስላሳውን በትሪ ራሷ ይዛላት ሄደች። ፊርዶስ ተቀብላ «ያክብርልኝ» አለች፤ ቀና ብላ ግን አላየቻትም። ሸዋረገጥ ትንሽ ቆማ፣ ባዶውን ትሪ ደረቷ ላይ አስጠግታ ወደ ጓዳ ተመለሰች።