ፍርሃት የፈጠረው አምላክ

ሰርካዲስ በድሬዳዋ የባቡር ትኬት መሸጥ ከጀመረች ሃያ ዓመት ሆኗታል። የአንገቷን ማዕተብ አልበጥስም በማለቷ፣ በሐሙሱ የውይይት ክበብ ግለ ሂስ እንድታደርግ ሠራተኛው ፊት አቆሟት። ክፍሉ የሚባለው ወጣት ካድሬ ስለ ሰው አእምሮ ጓዳ የሚያትት መጽሐፍ አንብቦ ነበርና ተራቀቀባት።

«ጓድ ሰርካዲስ፣ እግዚአብሔር የሚሉት በልጅነትዎ የፈሯቸውን አባትዎን ነው። በአእምሮዎ ጓዳ ተደብቀው ዛሬም ያስፈራሩዎታል።»

«አባቴ የሞተው ሳልወለድ ነው።»

ካድሬው ትንሽ ደንገጥ አለ። «እንግዲያው ሌላ የፈሩት አለ። አምላክን የሚፈጥረው ፍርሃት ነው።»

ሰርካዲስ ማዕተቧን ከነጠላዋ ሥር አወጣችው።

«አለ እንጂ! አንተን እፈራለሁ። ወንድሜን ከቤት ከወሰዳችሁት ወዲህ ኮቴህን ስሰማ በሬን እቀረቅራለሁ። ፍርሃት አምላክ የሚፈጥር ቢሆን ኖሮ፣ ይኸኔ የምሰግደው ላንተ ነበር።»