ያልተተፋ ውሃ

"ሃምሳ ስድስት፣ ሃምሳ ሰባት፣ ሃምሳ ስምንት…"

"በቃ፣ ደቂቃው ሞላ" አለች ዶሊ ስልኩን ወደ ባሏ ፊት አስጠግታ።

ጎታሃ ግን መቁጠሩን አላቆመም። ዓይኑ ከልጁ ደረት አልተነቀለም። የዘጠኝ ወሯ ኖሪ በእናቷ ጭን ላይ ተዘርግታ አየር በሳበች ቁጥር፣ ከጎድኗ በታች ያለው ሥጋ አንድ ሰው ከውስጥ በክር እንደሚጎትተው ስርጉድ ይላል። የአፍንጫዋ ጫፍ ይርገበገባል። ጡት ሲሰጧት ሁለቴ ትስብና ትተወዋለች።

"የክትባቷ ነርስ ምን ነበር ያለችን?" አለች ዶሊ። "ዓመት ላልሞላው ልጅ በደቂቃ ሃምሳና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ነው አላለችም? ጡት እምቢ ካለች ደግሞ አትቀመጡ፣ ወደ ሆስፒታል ሩጡ አላለችም?"

"ብላለች። ሲናኬ ግን ጉንፋን ነው አለ።"

"ሲናኬ ይህን ካለ ሦስት ቀኑ!"

ሲናኬ የጎታሃ ታላቅ ወንድም ነው። የመንደሩ ጤና ኬላም እሱ ማለት ነው፤ ቁልፉ አንገቱ ላይ፣ የምስክር ወረቀቱ ግድግዳው ላይ። ከሦስት ቀን በፊት ጎታሃ ልጁን ታቅፎ ሲሄድ፣ ሲናኬ በሩ ላይ ቆሞ ልብሷን እንኳ ሳይገልጥ፣ "ጉንፋን ነው፤ ለብ ያለ ውሃ ስጧት። አሞክሳሲሊን እንደሆነ ከወር ወዲህ አልመጣም" ብሎ መለሰው። ትናንትም ሄደ። ትናንትም አልመጣም ተባለ። ጎታሃ አመነ። ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሰው የተማረ ወንድሙን ካላመነ ማንን ሊያምን ነው?

ዶሊ ኖሪን በክር ከተሠራው ከረጢቷ ውስጥ አስተኝታ ማንጠልጠያውን ግንባሯ ላይ አደረገች። ሆስፒታሉ ወዳለበት ወደ ጎሮካ ከተማ የሚሄደው መኪና ከድልድዩ የሚነሣው ረፋዱ ላይ ነው፤ ድልድዩ ድረስ ደግሞ የአንድ ሰዓት ቁልቁለት አለ። በሩን ሲከፍቱ ግን የጎታሃ አጎት ሃሪሶ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከኋላቸው ዘመድ አዝማዱ ሣሩ ላይ መቀመጥ ጀምሯል። ሲናኬም አለ፤ ቀና ብሎ አላየም።

"ወዴት ነው?" አሉ ሽማግሌው።

"ሆስፒታል፣ አጎቴ።"

"ሆድህን ሳታራግፍ?"

ጎታሃ የሚሉት ገብቶታል። በዚያ ሸለቆ ሕፃን ታሞ አልድን ሲል፣ ከዘመዱ መሀል ቂም የያዘ ወይም በደል የደበቀ አለ ማለት ነው። ሁሉም ተቀምጦ ሆዱን ያራግፋል። ከዚያ የተበደለው ሰው ከኩባያ ውሃ ተጎንጭቶ፣ ተጉመጥምጦ፣ መሬት ላይ ይተፋዋል፤ ቂሙም አብሮ ይወጣል። ይህ ሳይሆን መድኃኒት ልጁን አይይዘውም ይባላል። አምና አንዲት እናት ሳታራግፍ ልጇን ይዛ ሄዳ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው የተመለሰላት። ያን ቀን ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ ጎታሃ ነበር።

"መኪናው ያመልጠናል" አለች ዶሊ።

"አጭር ነው፣ ልጄ። ባልሽ ቶሎ ከተናገረ አጭር ነው።"

"ጎታሃን አስጀምረነው ነው አጭር የሚሆነው?" አለች አንዷ አክስት። "እስከ ገና ስኳር ድንች ቀቅለን እንጠብቅ በሉኛ!"

ተሳቀ። ጎታሃም ያውቃል፤ በመንደሩ ቂመኛ ሲባል ሰው ወደ እሱ ነው የሚዞረው። ዶሊን አያት። እሷ ከረጢቱን ከግንባሯ ሳታወርድ ቆማ ቀረች።

"እሺ" አለ ጎታሃ። "አባታችን ለአንድ ልጅ ብቻ የሚበቃ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበረው። ሲናኬ ተማረ፣ እኔ ቀረሁ። ይሁን። በየሰኞው ግን ቦርሳውን ተሸክሜ ድልድዩ ድረስ የምሸኘው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ጓደኞቹ 'ይሄ ማነው?' ቢሉት 'ተሸካሚዬ ነው' አላቸው። ቆሜ ሰማሁት።"

"ልጅ ነበርኩ እኮ" አለ ሲናኬ።

"እኔስ ምን ነበርኩ? አባታችን ሲሞትም ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ፣ ንግግር ያደረገው እሱ። ከወንዙ ዳር ያለውን ማሳ ለመንግሥት ሠራተኛ ይገባዋል ብላችሁ የሰጣችሁት ለእሱ፤ የእኔ ድንች ድንጋይ ላይ ነው የሚበቅለው። ይኸው፣ ሆዴ ይሄ ነው። አሁን ልሂድ?"

"ቆይ" አሉ ሃሪሶ። "የደበቀም ይናገር።"

የኖሪ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ በያንዳንዱ ትንፋሽ መጨረሻ ትንሽ ማቃሰት አለበት። ሲናኬ ይህን ድምፅ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ተምሮታል። ፊቱ በላብ ተጠመቀ።

"መድኃኒቱ… መጥቶ ነበር" አለ።

ዶሊ ከረጢቱን አቅፋ ወደ እሱ ዞረች። "መቼ?"

"ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው።"

"የት አለ ታዲያ?"

"አሳማውን አሳለው" አለ ሲናኬ።

የትኛው አሳማ ብሎ የጠየቀ የለም። ግንባሩ ነጭ የሆነውን የሲናኬን አሳማ የማያውቅ የለም። አራት ዓመት የተቀለበ፣ በመጪው ወር ለሲናኬ ልጅ ጥሎሽ የሚሰጥ፣ የሙሽራዋ ወገኖች ሁለት ጊዜ መጥተው ያዩት አሳማ ነው።

"እንደዚሁ ነበር ያደረገው፤ ጎኑ እየገባ፣ አልበላም ብሎ" አለ ሲናኬ። በጥፊ እንዳይመታ የፈራ ይመስል ቃሉ ተቻኮለ። "ቢሞት ሠርጉ ይቀራል። የእኔ ብቻ ስም አይደለም የሚጠፋው፣ የሁላችንም ነው። ጥቂት ሰጥቼው ሊሻለው ሲል ማቋረጥ አልቻልኩም። አንተ ስትመጣ ደግሞ… ጉንፋን ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ፣ ወንድሜ።"

ጎታሃ ዙሪያውን አየ። እጁን በአፉ የጫነ ሰው፣ ኡ ያለች ሴት ፈለገ። አክስቲቱ ሣር ትነጫለች። ሌሎቹ እግራቸውን ያያሉ። ሃሪሶ ትምባሆ ሊጠቀልሉ ወረቀታቸውን ይፈልጋሉ።

"አጎቴ፣ ያውቁ ነበር?"

"አሳማው እንደታመመ አውቃለሁ።"

"መድኃኒቱንስ?"

ወረቀቱ ከሽማግሌው ጣቶች መሀል ወደቀ። አላነሡትም።

ያኔ ለጎታሃ ግልጽ ሆነለት። በጠዋት የተሰበሰቡት እሱን ሊሰሙ አልነበረም። የወንድሙን በደል አስቀድመው ያውቁ ነበርና፣ ውሃውን አስተፍተው ይቅር ሊያስብሉት ነው የመጡት። ሴቶቹ ደግሞ ነገሩ ያለቀ ይመስል ረጅም ትንፋሽ አወጡ፤ ሲናኬም ላቡን በእጅጌው ጠረገ። "ወጣልኝ" አለ። እውነቱን ነበር፤ ፊቱ ቀሎታል። "አሁን ትድናለች።"

አክስቲቱ ተነሥታ የኖሪን ግንባር ዳሰሰች። "እዩ እስቲ፣ በረድ አለች እኮ!"

"አልበረደችም!" ብላ ጮኸች ዶሊ። "ጎድኗን እይው! በእናታችሁ፣ ጎድኗን እዩት!"

ሃሪሶ ውሃ የሞላ የቆርቆሮ ኩባያ ለጎታሃ ዘረጉለት። "ስለ ልጅህ ስትል፣ ልጄ። ተጉመጥመጥና ትፋው።"

ኩባያውን ተቀበለ። ወደ አፉ ግን አላስጠጋውም።

"የቀረ አለ?" አለው ወንድሙን።

"ከምኑ?"

"ከመድኃኒቱ ነዋ።"

ሲናኬ ወደ አሳማ ቤቱ ጠቆመ። "አንድ እሽግ። ለአሳማው የዛሬ ቀለብ ያስቀመጥኩት።"

የሲናኬ አሳማ ቤት ሰዎቹ ከተቀመጡበት ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። ጎታሃ ኩባያውን እንደያዘ ከሲናኬ ኋላ ሄደ። አሳማው በደረቅ ሣር ላይ በጎኑ ተጋድሟል፤ ሰፊው ሆዱ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሳል የለ፣ ማቃሰት የለ። ጎታሃ ሳያስበው መቁጠር ጀምሮ ነበር። ሃያ እንኳ አይሞላም። ደህና ተኝቷል፣ የተባረከ። ገንዳው አጠገብ የድንች ልጣጭ የተለጠፈባቸው ባዶ እሽጎች ተጥለዋል። ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሣና ኪሱ ከተተው።

ሲናኬ ከጣሪያው ሥር ሙሉውን እሽግ አወጣ። በውሃ የሚሟሟው የሕፃናት ኪኒን ነው።

"ለሷ ስንት ነው?" አለ ጎታሃ። ይህን መጠየቁ ከሁሉ በላይ አንገበገበው። አሁንም ሌላ የሚጠይቀው የለም።

"አንድ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።"

"ለአሳማውስ?"

ሲናኬ ወደ ገንዳው ዞረ።

"ለአሳማውስ ስንት ነበር?"

"ስምንት።"

ተመለሱ። ጎታሃ ከኩባያው ጥቂት ውሃ በማንኪያ ቀዳና ኪኒኑን ጣለበት። ኪኒኑ ፈልቶ ተበተነ። ዶሊ የልጇን ራስ ደገፍ አደረገች፤ ጎታሃ በከንፈሯ ጥግ ጠብታ በጠብታ አንጠባጠበላት። አሳላት። ጠበቀ፤ ደግሞ አንጠባጠበ። ዋጠች።

"ውሃውን ለምን ነካኸው?" አሉ ሃሪሶ ደንግጠው። "ያ ውሃ እኮ ለአንተ አፍ ነው!"

"የልጄም አፍ አፍ ነው።"

"ጎታሃ፣ ትፋ ነው የምልህ! ቂምህን ተሸክመህ ከሄድክ መድኃኒቱ አይይዛትም። አምና አላየህም?"

አይቷል። ፍርሃቱም በቦታው ነው፤ አልሄደም። ኩባያውን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ከበሩ ሥር የወደቀ የፕላስቲክ ጠርሙስ አነሣ፣ የቀረውን ውሃ ጠብታ ሳያፈስ ገለበጠበት፣ ክዳኑን አጥብቆ ዘጋ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"እስትንፋሷ ተቆጥሮ ከሃምሳ በታች ሲወርድ እተፋዋለሁ። እዚያው ሆስፒታሉ ደጅ፣ ሲናኬ እያየኝ።"

"ሥርዓቱ እንደሱ አይደለም! መጀመሪያ አንተ ትተፋለህ፣ ከዚያ ነው የምትድነው።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ቀድሜ የምተው እኔ ነኝ፣ አጎቴ። ዛሬ እናንተ ቅደሙ።"

ዶሊ መንገድ ጀምራለች። ጎታሃ ጠርሙሱን ለሆስፒታሉ ካዘጋጇቸው ልብሶች ጋር የጉዞ ቦርሳቸው ውስጥ አስገባና፣ ቦርሳውን አንሥቶ በሲናኬ ትከሻ ላይ አንጠለጠለው። ሲናኬ ማንገቻውን አስተካከለ።

"ከፊቴ ሂድ" አለው ጎታሃ። "ሆስፒታል ስንደርስ መድኃኒት ለምን ቀድሞ አልተሰጣትም ሲሉ፣ መልሱን አንተ ነህ የምትነግራቸው። ካልተናገርክ ኪሴ ውስጥ ያለውን እሽግ አሳያቸዋለሁ።"

"እነግራቸዋለሁ።"

"እስከዚያ ቁጠር። ጮክ ብለህ።"

ቁልቁለቱን ያዙት። ዶሊ ከፊት፣ ከረጢቱ ከጀርባዋ፤ ሲናኬ ከኋላዋ፣ ለደቂቃው የዶሊን ስልክ በእጁ ይዞ፣ ከክሩ መረብ ውስጥ የምትታየውን ትንሽ ደረት እያየ።

"አንድ" አለ ሲናኬ። "ሁለት። ሦስት…"

ወንድሙ የሚሸከመውን ቦርሳ እያየ፣ ጎታሃ ከኋላ ሆኖ ለራሱ ሌላ ቁጥር ይቆጥር ነበር፤ እሱ ራሱ ቦርሳ ተሸክሞ ይህን ቁልቁለት የወረደባቸውን ሰኞዎች።