የአጁሉ ዓረፍተ ነገር

ሽታዬ ከደጋ አገር መጥታ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የምታስተምር መምህርት ናት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የእንግሊዝኛ ሪፖርት መጻፍ ያስቸገራቸው የመንግሥት ሠራተኞች ክፍሏ ተሰብስበው ሰዋስው ይከልሳሉ። ከሁሉም ትጉዋ አጁሉ ነበረች፤ አዋላጅ ነርስ፣ የባሮ ወንዝ ዳር ተወላጅ።

ሙቀቱ ቆርቆሮውን በሚያንጣጣበት አንድ የመጋቢት ቅዳሜ፣ ሽታዬ እያንዳንዳቸው ስለ ቤተሰባቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ እንዲጽፉ አዘዘች። አጁሉ ተነስታ በእንግሊዝኛ «ወንድሜ ባሮ ውስጥ ይኖራል» ብላ ጻፈች።

ሽታዬ «ውስጥ» የሚለውን ሰርዛ «አጠገብ» ብላ ጻፈችና፣ ሰው ወንዝ ውስጥ እንደማይኖር አስረዳች። አጁሉ ግን አልተሳሳትኩም አለች። ወንድሟ አኳይ በዘጠኝ ዓመቱ ሊዋኝ እንደገባ፣ እንዳልወጣ፣ አስከሬኑም እንዳልተገኘ ረጋ ብላ ተናገረች።

ሽታዬ አፍራ «ውስጥ» የሚለውን መለሰችው። ቢሆንም መምህርት ናትና፣ እንዲያ ከሆነማ ግሡ ኃላፊ ጊዜ መሆን አለበት ብላ «ይኖራል»ን በዳስተር አጠፋች። «ይኖር ነበር» ልትል ጠመኔውን ብታስነካው አልጽፍ አላት። ሰሌዳው ርሷል። በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ይቀዘቅዛል፣ ደለል ደለል ይሸታል። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ዝናብ ከጣለ ወራት አልፏል። በመሐረቧ አድርቃ እንደገና ልትጽፍ ስትል፣ ከዚያችው ቦታ ብቻ ውሃ እንደ ላብ ችፍ አለ።

«ተዪው ቲቸር» አለች አጁሉ። «እሱ አይወድም።»

ሽታዬ «ይኖራል» ብላ መለሰችው። ጠመኔው ቁልጭ ብሎ ያዘ። ተማሪዎቹ ደብተራቸውን እየሰበሰቡ አንድ በአንድ ወጡ።

በነጋታው ሽታዬ ከቤተ ክርስቲያን ጸበል አምጥታ ክፍሉን ረጨች፤ ልቧ ግን አልረጋም። በሳምንቱ አጁሉን ገበያ ስታገኛት፣ ልጁ ከሞተ ስንት ዓመት እንደሆነው ልትጠይቃት አሰበች። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ወንድምሽ አሁን ስንት ዓመቱ ነው?»

የአጁሉ ፊት በራ። እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

«ሃያ ሁለት ሞላው። በጣም ረዝሟል። አንቺንም ያውቅሻል ቲቸር፤ በባሮ ድልድይ ስትሄጂ ከታች ያይሻል።»

ሽታዬ ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትመለስ ድልድዩ መሐል ላይ ቆመች። ወደ ውሃው ለማየት አልደፈረችም። እንደ አገሯ ደንብ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ በለሆሳስ «እንዴት ዋልክ» አለችና መንገዷን ቀጠለች።